«ባዶ ነው» ስለሚባለው ዕቃ፤ የተራራ ጉዞና የስፖርት መሣሪያን ለአውሮፕላን ስለ ማሰናዳት



ከመካከላችሁ የዓመት ዕረፍቱን ፈቃድ አስፈርሞ፣ መዝገቡን በመሳቢያ ቈልፎ፣ ጥቂት ቀን በባሌ ተራሮች ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው እንደማይጠፋ እናምናለን። እስከ ሮቤ በመኪና መንገድ የሚያልቀውን ጊዜ በአውሮፕላን ማትረፍ ስለሚቻል፣ መንገደኛው ድንኳኑን ከነካስማውና ከነአውታሩ፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ መብራቱንና ትንሺቱን ፕሪመስ ጠቅልሎ ወደ ቦሌ ይሄዳል። የሰነቲ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ በበጋው ሌሊት በጣሳ የተተወ ውሃ ሲነጋ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፕሪመሱም መብራቱም ለቅንጦት የተያዙ አይደሉም፤ ደኅና ሆነው መድረስ ያለባቸው ዕቃዎች ናቸው።

ነገር ግን ሰው ጓዙን ሲያሰናዳ ዘወትር የሚጠይቀው «ዕቃዬ ይሰበርብኝ ይሆን?» ብሎ ነው። «ዕቃዬ አብረውኝ በሚሳፈሩት ሰዎች ላይ ምን ያደርስ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግራችን ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። የተሰበረ የድንኳን ምሰሶ ይጠገናል፤ በአየር ላይ የተነሣ እሳት ግን በመኪና ላይ እንደ ተነሣ እሳት ዳር ይዘው፣ ወርደው፣ አፈር በትነው የሚያጠፉት አይደለም።

ጕዳዩን ግልጽ የሚያደርግልን አንድ የታወቀ አደጋ አለ። ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1996) ቫሉጄት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ንብረት የነበረ ዲሲ 9 አውሮፕላን ከማያሚ ተነሥቶ ወደ አትላንታ ሊበር ሲል፣ ከተነሣ ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 110 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ነገሩ ሲመረመር እሳቱ የተነሣው በጭነቱ ክፍል ውስጥ ከነበሩ ካርቶኖች መሆኑ ታወቀ። በካርቶኖቹ ውስጥ የነበሩት ከሌላ አውሮፕላን የተፈቱ፣ በጭንቅ ጊዜ ለመንገደኛው ኦክሲጅን የሚያመነጩ ትንንሽ ጣሳዎች ናቸው። እነዚህ ጣሳዎች ኦክሲጅኑን የሚያወጡት በኬሚካል ኀይል ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተቀሰቀሱ ገላቸው ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። በመቀስቀሻቸው ላይ መደረግ የነበረበት የደኅንነት ክዳን አልተደረገም፤ በጭነቱ ወረቀት ላይ ግን «ባዶ» ተብሎ ተጽፎላቸው ነበር።

በወረቀት ሥራ የምንውል ሰዎች ይህን ነገር ቆም ብለን ልናስተውለው ይገባል። አንድ ቃል ተጻፈ፤ ቃሉን ያነበበው ሁሉ አመነ፤ ካርቶኑን ከፍቶ ያየ ግን አልነበረም። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የጭነቱ ክፍል የተሠራው እሳት ቢነሣ አየር አጥቶ በራሱ ይጠፋል በሚል አሳብ ስለ ነበረ፣ እሳትን የሚጠቁምም የሚያጠፋም መሣሪያ አልነበረውም። ጣሳዎቹ ግን እሳቱ ያጣዋል የተባለውን ኦክሲጅን ራሳቸው መገቡት። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት መንገደኛ በሚያመላልሱ አውሮፕላኖች ላይ እንዲህ ያሉት ክፍሎች ሁሉ መጠቆሚያና ማጥፊያ እንዲገባላቸው አዘዘ።

እንግዲህ ወደ እኛው ጓዝ እንመለስ። በተራራ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ «ባዶ ነው» ተብሎ በብዛት የሚገባው ዕቃ ፕሪመሱ ነው። ሰው ሲጠየቅ «ነዳጁን ደፍቼዋለሁ» ይላል፤ በእርግጥም ደፍቶታል። ነገር ግን በቤንዚን የሚሠራ ምድጃ ማጠራቀሚያው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከሚያስፈራው ይልቅ፣ ተደፍቶ ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲቀርበት የሚያስፈራበት ምክንያት አለ። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። ተኑም የሚነደው ከአየር ጋራ በልክ ሲቀላቀል ነው፤ ይኸውም ለቤንዚን ከመቶው እጅ ከ1.4 እስከ 7.6 ያህሉ ተን ሲሆን ነው። ጢም ብሎ በሞላ ማጠራቀሚያ ውስጥ ለአየር የሚሆን ስፍራ የለም፤ በተደፋው ውስጥ ግን ጠብታው ተን ሆኖ ከገባው አየር ጋራ ይዋሐዳል። ስለዚህ ዐይን «ባዶ» ያለውን አፍንጫ ሊያስተባብለው ይችላል፤ የሚሸት ዕቃ ባዶ አይደለም።

ከአገር አገር አውሮፕላኖች የሚተዳደሩበትን ደንብ የሚያወጣው የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለዚህ ምድጃ የተወሰነ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ አየር መንገዱ መስማማት አለበት። ከዚያም የነዳጁ ማጠራቀሚያ ተገልብጦ ቢያንስ 1 ሰዓት ያህል እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ክዳኑ ተከፍቶ ቢያንስ 6 ሰዓት አየር እያገኘው ይቆያል። ከዚህ ሌላ የሚፈቀድ ዘዴ ጥቂት የምግብ ዘይት በማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሮ፣ ነቅንቆ መድፋት ነው፤ ዘይቱ ከቀረው ነዳጅ ጋራ ሲቀላቀል ነዳጁ በቀላሉ ተን እንዳይሆንና እሳት እንዳይቀበል ያደርገዋል። የኑግ ዘይትም ቢሆን ለዚህ ያገለግላል። በመጨረሻ ክዳኑ ተጠብቆ ይዘጋና ዕቃው ፈሳሽ በሚመጥ ወረቀት ወይም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ የከረጢቱ አፍ በገመድ ወይም በላስቲክ ይታሰራል። ይህን ሁሉ አድርጎም የተጠቀሙበትን ምድጃ ጨርሶ የማይቀበል አየር መንገድ ስለሚኖር፣ ቲኬት ሲቈረጥ ጠይቆ ማወቅ ይበጃል። በመሳፈሪያው ዕለት ጠዋት በሰልፍ መካከል ሆኖ መከራከር ለማንም አይበጅም።

የጋዝ ጣሳው ነገር ደግሞ ከዚህ አጭር ነው። በምድጃው ሥር የሚጠመዘዘው ትንሹ የቡታጋዝ ጣሳ፣ ሙሉም ይሁን ተጠቀሙበትና አለቀ ይባል፣ በእጅ በሚያዘውም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። አለቀ የተባለው ጣሳ እሳት አልሰጥ ያለው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ጋራ ስለ ተካከለ ነው እንጂ በውስጡ ጋዝ ስለሌለ አይደለም። እንግዲህ ጣሳውን ተሸክሞ መሄድ ካልተቻለ፣ በሚደረስበት ስፍራ የሚገኘው ነዳጅ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። በገጠር ከተሞቻችን ያን ዓይነት ጣሳ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ የምንለው ግን ከዚያ ይልቅ ይቀርባል። ስለዚህ አዲስ ምድጃ ለመግዛት ያሰበ ሰው በላምባ የሚሠራውን ቢመርጥ እኛ ደግ አደረገ እንላለን፤ ላምባ ከቤንዚን ይልቅ ተን ለመሆን የዘገየ ስለ ሆነም በእጅ ለሚይዘው ሰው የዋህ ነው። ከክብሪት በኩል አንድ ትንሽ ሣጥን ወይም አንድ የሲጋራ መለኰሻ በኪስ ይያዛል እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በዚህም ላይ ጥብቅ የሆኑ አገሮች አሉ።

አሁን ወደ መብራቱ እንለፍ። «የባትሪ ድንጋይ» የሚለው ስም በአገራችን የቈየ ነው። ስሙ ያማረ ቢሆንም ነገሩን እንደ ድንጋይ የማይሰማና የማይነድ ያስመስለዋል። ዛሬ በግንባር ላይ በሚታሰረው መብራት፣ በስልክ፣ በፎቶግራፍ ማንሻና ፓወር ባንክ በሚባለው የኤሌክትሪክ ስንቅ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ፣ የሚነድ ፈሳሽና በትንሽ ስፍራ የታመቀ ብዙ ኀይል የያዘ ነው። ቢጨፈለቅ፣ ቢበሳ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሳንቲም ወይም በቁልፍ ቢገናኙ ወይም ሲሠራ እንከን ኖሮበት ቢሆን፣ ውስጡ መጋል ይጀምራል፤ ግለቱም ሌላ ግለት ይወልዳል፤ አንዱ ከነደደ ጎረቤቱን ያነዳል።

ነሐሴ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) ከዱባይ ወደ ጀርመን አገር የተነሣ የዩ.ፒ.ኤስ. ድርጅት ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከ80,000 በላይ የሊቲየም ባትሪ ከሌላ ዕቃ ጋራ ጭኖ ነበር። እሳት ተነሥቶ ጢሱ የአብራሪዎቹን ክፍል ሞላው፤ ወደ ዱባይ ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ከ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ2016) ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ መንገደኛ በሚያሳፍር አውሮፕላን ላይ ጭነት ሆኖ እንዳይሄድ የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከልክሏል።

ከዚህ በመነሣት ብዙ ሰው «አደገኛ ከሆነማ ከሰው አርቄ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ላስገባው» ይላል። አሳቡ ደግ ነው፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለው ማጥፊያ ሃሎን የሚባል ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ነበልባልን ያፍናል እንጂ አያበርድም፤ የባትሪው ግለት ደግሞ የሚመጣው ከራሱ ከውስጡ ስለ ሆነ ነበልባሉ ቢታፈንም ግለቱ ሊቀጥል ይችላል። በረራው ሳያልቅ ወደዚያ ገብቶ ውሃ የሚያፈስበት ሰው የለም። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ግን ጢሱን የሚያይ ዐይን፣ የሚጮኽ አፍ፣ ውሃ ይዛ የምትደርስ አስተናጋጅ አለች። ስለዚህ ሕጉ መለዋወጫ የሆነ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ሁሉ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ብቻ ይሁን ይላል። የሚያሰጋን ነገር ከዐይናችን ባናርቀው ይሻላል ማለት ነው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆን በቅርቡ ታይቷል። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2025) በደቡብ ኮርያ ጊምሄ በተባለ አውሮፕላን ማረፊያ ኤር ቡሳን የተባለው አየር መንገድ አውሮፕላን ሊነሣ ሲሰናዳ ከራስ በላይ ካለው የዕቃ መደርደሪያ እሳት ተነሣ። መርማሪዎቹ ምክንያቱ በዚያ የነበረ ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ። አውሮፕላኑ ጣሪያው ተቃጥሎ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ሰዎቹ ግን እሳቱ የታየው ገና በምድር ሳሉ ስለ ሆነ 176ቱም ወጡ። ከዚያ ወዲህ የኮርያ መንግሥት ፓወር ባንክ በመደርደሪያው ላይ እንዳይቀመጥ፣ መንገደኛው በአጠገቡ እንዲይዘው ደነገገ። ሕጉ ባያስገድደንም በእኛ በኩል ከፊት ባለው ወንበር ኪስ ወይም በእግር ሥር ባለው ቦርሳ ቢቀመጥ እንመርጣለን።

ስለ መጠኑም ሒሳቡን እነሆ፤ ለጸሐፊም ለሒሳብ ሹምም አይከብድም። በባትሪው ጀርባ የተጻፈውን የሚሊ አምፔር ሰዓት ቍጥር በቮልቱ አባዝታችሁ ለ1,000 ብታካፍሉት ዋት ሰዓቱን ታገኛላችሁ። 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛና ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ይያዛል፤ ከ100 በላይ እስከ 160 ድረስ አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ ከሁለት የማይበልጥ መለዋወጫ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ የሆነው በመንገደኛ ጓዝ አይሄድም። ስለዚህ 30,000 የተጻፈበት 111 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ማስፈቀድ ያሻል ማለት ነው። ቍጥሩ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነም ፈታሹ ሊከለክለው ስለሚችል እቤት ቢቀር ይሻላል። የመለዋወጫዎቹን ጫፍ በፕላስተር መሸፈን ወይም እያንዳንዱን በየላስቲኩ መክተት ግድ ነው፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋራ በአንድ ኪስ መክተት የቅድሙን እሳት መጋበዝ ነው። አበጥ አበጥ ያለውን ባትሪ ከነጭራሹ አትያዙት። «አልቋል፣ ባዶ ነው» የተባለውም ባትሪ ቢሆን መብራት ማብራት አቃተው እንጂ ኀይሉን ሁሉ አልጨረሰም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ጥቂት ለማቅለል፣ ያለ ምክንያት ስለሚፈራው ስለ አየር ግፊት እንናገር። «አውሮፕላኑ ሲወጣ የቢስክሌቴ ጎማ ይፈነዳል» የሚሉ አሉ። የጭነቱ ክፍል እንደ መንገደኞቹ ክፍል ሁሉ አየር የሚታመቅበት ነው። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ቢበርም በውስጡ ያለው አየር 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ የተሠራ ነው። የቦሌ ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው በአውሮፕላን ውስጥ የሚያገኘው አየር በደጁ ከሚተነፍሰው እምብዛም የተለየ አይደለም ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ ያበረረው ቦይንግ 787 እንዲያውም ውስጡን በ1,800 ሜትር ገደማ ባለ አየር ስለሚይዝ፣ መንገደኛው በሰማይ ላይ ከቦሌ ይልቅ የወፈረ አየር ይተነፍሳል! ዐይን አይቶ የማያምነው ቢሆንም እውነት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የተነፋ ጎማም ሆነ ኳስ በሰማይ አይፈነዳም። ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ በባሕር ጠረፍ የተዘጋ ጠርሙስና የተነፋ ፍራሽ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ያብጣልና የፍራሹን መተንፈሻ ከፍቶ፣ ጠርሙሱን ሳይሞሉ መተው ያስፈልጋል።

ሆኖም አየር መንገዶች ጎማው ጥቂት እንዲተነፍስ ይጠይቃሉና ይህን መፈጸም ነው፤ ጨርሶ ግን አታሟጡት፤ የቀረው አየር ቸርኬውን ከምት ይጠብቀዋል። ቢስክሌቱን ስትፈቱ ለግራው ፔዳል ተጠንቀቁ፤ የጥርሱ አዟዟር ከቀኙ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ እንደ ሰዓት እጅ በማዞር ይፈታል፤ ብዙ መፍቻ የተሰበረው ይህን ባለማወቅ ነው። የፊተኛው እግር ሲወልቅ በሹካው ሁለት ጫፎች መካከል የእንጨት ድጋፍ መግባት አለበት፤ አለዚያ ሻንጣ ሲወድቅበት ይጐብጣል። ፍሬኑ የዲስክ ከሆነም በመካከሉ ካርቶን ይሸጐጥበት። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቢስክሌት ግን ባትሪው ዘወትር ከ160 ዋት ሰዓት ስለሚበልጥ ከነባትሪው በመንገደኛ ጓዝ አይሄድም። አንድ ጓዝ ከ32 ኪሎ እንዳይበልጥ በብዙ አየር መንገድ የተወሰነ ነው፤ ይህም ለሚያነሣው ሠራተኛ ወገብ የታሰበ ነውና አይጠላም።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። ካስማው፣ ቢላዋው፣ መጥረቢያውና የተራራው ምርኩዝ በሚጫነው ሻንጣ ይገባሉ፤ ስለታቸው በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል፤ የሚከፍተው ፈታሽም እጅ አለው። ውሻን ወይም አውሬን ለማባረር የሚረጨው በርበሬ በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም። ለውድድር የሚሄድ ሯጭ የመሮጫ ጫማውን በእጁ ይያዝ፤ ሻንጣው በሌላ አውሮፕላን ቢመጣ ውድድሩ አይጠብቀውምና። የጭቃ ጫማ ደግሞ ታጥቦ ይሂድ፤ እንደ ኒው ዚላንድ ያሉ አገሮች ከጫማ ጋራ የሚገባ አፈርን አጥብቀው ይፈትሻሉ። የአደን ጠመንጃ ራሱን የቻለ ሕግ ስላለው በዛሬው ንግግራችን አናነሣውም።

በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ዘንድ ሠራተኛዋ «በሻንጣዎ ውስጥ የተከለከለ ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቅ «የለም» የሚለው መልስ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጣን ነው። ነገር ግን «ምድጃ አለ፤ እንዲህ አድርጌ አድርቄዋለሁ፤ ነዳጅ አልያዝሁም፤ መለዋወጫ ባትሪዬ እነሆ በእጄ ነው» ብሎ መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እርሷም የምታየውን አይታ ትወስናለች። ፍተሻው መንገደኛውን የመጠርጠር ነገር ሆኖ የሚሰማቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ያ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ በማያሚ ካርቶኖቹ ይከፈቱ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱም የመመለሻው ጓዝ ነው። ሲሄድ አዲስና ደረቅ የነበረው ምድጃ ሲመለስ ላምባ የጠጣ ነው፤ ሰውም ደክሞትና ቸኵሎ ስለሆነ ጥንቃቄው የሚላላው በዚህ ጊዜ ነው። ለማንጠፍጠፊያና ለማናፈሻ በጠቅላላ 7 ሰዓት ስለሚያሻ፣ ጠዋት ለሚነሣ አውሮፕላን የመጨረሻው ምግብ መብሰል ያለበት በዋዜማው ማታ ነው። ራት ከተበላ በኋላ የተረፈው ላምባ ለመንገድ መሪው ወይም በአቅራቢያው ላለ ቤተ ሰብ ይሰጥ፤ ምድጃው ከድንኳኑ ውጭ፣ ከእሳት ርቆ፣ አፉ እንደ ተከፈተ ይደር። የማለዳውን ሻይ ሮቤ ከተማ ከሻይ ቤት ጠጥቶ ወደ ማረፊያው መሄድ ይቻላል።